የስኪዞፍሬኒያ መድኃኒት መሥራት አለመሥራቱን ስንመዝን ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንሪ ላቦሪ የተባለው ፈረንሳዊ የባሕር ኃይል የቀዶ ሕክምና ሐኪም የሚፈልገው የእብደት መድኃኒት አልነበረም። ያስቸግረው የነበረው በቀዶ ሕክምና ጊዜ ሰውነት የሚያሳየው ድንጋጤ ነው፤ ልብ ይሮጣል፣ የደም ግፊት ይዋዥቃል፣ ላብ ይፈሳል። ይህን የሚያበርድ ነገር ሲፈልግ ክሎርፕሮማዚን እጁ ገባ። የወሰዱት ሰዎች እንቅልፍ ሳይጥላቸው በዙሪያቸው ለሚሆነው ሁሉ ግድ ሲያጡ አየና ለሥነ አእምሮ ሐኪሞች ነገራቸው። በ1952 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዣን ዴሌና ፒየር ዴኒኬር በፓሪሱ ሴንት አን ሆስፒታል ለአእምሮ ሕሙማን ሰጡት፤ የዛሬዎቹ ጸረ ሳይኮሲስ መድኃኒቶች፣ ማለትም የሌለ ድምፅ መስማትንና ከእውነታ የራቀ እምነትን የሚያክሙት፣ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ሰውነትን ለማብረድ የተፈለገ መድኃኒት የሐሳብ ሕመም ማከሚያ ሆነ ማለት ነው። አስታማሚም፣ አንዳንድ ጊዜም ባለሙያ፣ የሚሳሳተው እዚሁ መጋጠሚያ ላይ ነው። የሰውነት ውጥረት ስል የልብ ምት መጨመርን፣ የመዳፍ ማላብን፣ የጡንቻ መጠንከርን፣ በትንሽ ድምፅ መደንገጥን፣ እንቅልፍ ማጣትን ማለቴ ነው። በስኪዞፍሬኒያ ሕመምተኛ ላይ ይህ ሁሉ ሲታይ ምንጩ ሕመሙ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ በቤት ውስጥ ያለው ሰውና ሁኔታም ሊሆን ይችላል። ሦስቱ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ መፍትሔያቸው ግን ፍጹም የተለያየ ነው። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች ሁሉ ማለት ይቻላል አንዱን ምንጭ በሌላው ከመተካት የሚመጡ ናቸው።

ዝም ያለን ሰው ተረጋግቷል ብሎ ማለፍ

በተመላላሽ ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ ወጣት አስቡ። እህቱ ካርዱን ይዛ ትገባና «ሲስተር፣ አሁንስ ደኅና ነው፤ ሰው አይሳደብም፣ ከቤት አይወጣም፣ ዝም ብሏል» ትላለች። ነርሷ የደም ግፊት ልትለካ እጁን ስትይዘው መዳፉ ርሷል። አንገቱ ላይ የደም ሥሩ ሲዘል ይታያል። መንጋጋውን ነክሶ ይዟል። ኮሪደሩ ላይ ወንበር ሲጎተት ራሱን አያዞርም፤ ዓይኑ ብቻ ወደ በሩ ይሄዳል፣ ይመለሳል። እህቱ አልዋሸችም፤ የተናገረችው ያየችውን ነው። ልጁ ግን አልተረጋጋም፤ ተደብቋል።

ይህን የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ከ60 ዓመት በፊት ለክተውታል። ፒተር ቬናብልስና ጆን ዊንግ በ1962 ባሳተሙት ጥናት ለረጅም ጊዜ የታመሙ ሰዎችን የሰውነት ውጥረት መጠን ከጠባያቸው ጋር አነጻጸሩ። የተጠበቀው ጠጋ ብሎ የሚያወራው፣ የሚንቀሳቀሰው ሰው የበለጠ ተወጥሮ እንዲገኝ ነበር። የተገኘው ተቃራኒው ሆነ፤ በአብዛኞቹ ዘንድ ከሰው ይበልጥ የሸሸው፣ ዝም ያለውና ጥግ የያዘው ሰው ውስጡ ይበልጥ የተወጠረ ሆኖ ተገኘ። መሸሹ ምናልባት ራሱ መከላከያው ነው፤ ድምፅ፣ ፊትና ጥያቄ በበዛበት ቁጥር የሚነድ ሰውነት ጥግ ቢፈልግ አይደንቅም።

በድን መስሎ የሚቀር፣ እጁን ባነሱበት ቦታ የሚተው፣ ምግብ የማይውጥ ሰውም አለ። ይህ ካታቶኒያ የሚባል ድንገተኛ ሁኔታ ነውና ቀጠሮ አይጠበቅለትም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።

ስለዚህ «ዝም ብሏል» የሚለውን ወሬ ብቻውን አትቀበሉት። እጁን ጨብጡት። ሌሊት ይተኛ እንደሆነ፣ ብቻውን ሲሆን ከንፈሩ ይንቀሳቀስ እንደሆነ፣ ምግብ ሲቀርብለት አሽትቶ ይተወው እንደሆነ ጠይቁ።

እንቅልፍንና መፍዘዝን የመዳን ምልክት ማድረግ

የመጀመሪያው ስህተት ሌላኛው ገጽ ይህ ነው። ክሎርፕሮማዚን ወይም ኦላንዛፒን የጀመረ ሰው በመጀመሪያው ሌሊት ጭልጥ ብሎ ይተኛል። ለሳምንታት ዓይኗን ያልከደነች እናት ይህን ስታይ እግዚአብሔርን ብታመሰግን ልክ ናት፤ እንቅልፉ ራሱ ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም ያስተኛው በአብዛኛው መድኃኒቱ ሂስታሚን በተባለው ኬሚካል ላይ ያለው ጫና ነው፤ ለጉንፋንና ለአለርጂ የሚሰጡ አንዳንድ ክኒኖች እንደሚያስተኙት ማለት ነው። ድምፅ መስማቱንና «ሊገድሉኝ ነው» የሚለውን እምነት የሚያለዝበው ግን ሌላ መንገድ ነው፤ ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል የሚቀበለውን፣ ዲ2 የተባለ ተቀባይ መዝጋት።

ሺቲጅ ካፑርና ባልደረቦቹ ካናዳ ውስጥ የአንጎል ምስል በሚያነሣ መሣሪያ ሃሎፔሪዶል የሚወስዱ ሰዎችን አይተው በ2000 ያሳተሙት ውጤት እስከ ዛሬ መመሪያ ነው። ከዲ2 ተቀባዮች 65 በመቶ ያህሉ ሲያዙ የመሻሻል ዕድሉ ይጨምራል፤ ከ78 በመቶ ሲያልፍ ደግሞ የመንቀጥቀጥ፣ የመድረቅና የመቁነጥነጥ ጣጣ ይበዛል። በሁለቱ መካከል ያለው መስኮት ጠባብ ነው። «ገና አልፈዘዘም፣ ይጨመርለት» እየተባለ የሚጨመር መጠን ይህን መስኮት አልፎ ይሄዳል፤ ሰውዬው ምራቁ እየፈሰሰ፣ ፊቱ እንደ ጭምብል ደርቆ፣ ትንንሽ እርምጃ እየረገጠ ይመጣል። ቤተሰቡ «በረደ» ይላል። ውስጡን ብትጠይቁት ድምፁ አሁንም አለ፤ የጠፋው የመናገር አቅሙ ነው።

ታዲያ መሻሻል በምን ይታወቃል? ካፑር እንዳስረዳው ዶፓሚን ለነገሮች ክብደት የሚሰጥ ኬሚካል ነው። ሥርዓቱ ሲታወክ የመንገደኛ ሳል፣ የመኪና ታርጋ፣ የዜና አንባቢ እጅ እንቅስቃሴ ሁሉ ለታማሚው የተላከ መልእክት ይሆናል፤ ልቡም ለእያንዳንዱ ይመታል። መድኃኒቱ ሲሠራ መጀመሪያ የሚቀንሰው ይህ ክብደት ነው። ብዙ ታማሚ «ድምፁ አለ፤ ግን እንደ ድሮው አያስጨንቀኝም» ዓይነት ነገር የሚናገረው በዚህ ደረጃ ላይ ነው። እምነቱ ወዲያው አይጠፋም፤ ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ጥያቄው «ተኛ ወይ?» ብቻ መሆን የለበትም። «ድምፁ ሲናገርህ ምን ታደርጋለህ? ዛሬ ወደ ሱቅ ስትሄድ ፈርተህ ነበር? ቴሌቪዥኑን አሁንም ታጠፋዋለህ?» ተብሎ ይጠየቅ።

ስለ ጊዜውም አንድ የቆየ አባባል ይታረም። መድኃኒቱ እስኪይዝ ወር ሙሉ ምንም አይጠበቅም ይባል ነበር። ኦፈር አጊድና ካፑር በ2003 የብዙ ጥናቶችን ውጤት አሰባስበው እንዳሳዩት ትልቁ መሻሻል የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። በበቂ መጠን ሁለት ሳምንት ወስዶ ቅንጣት ለውጥ ያልታየበት ሰው በዚያው መድኃኒት በኋላ በደንብ የመሻሻል ዕድሉ ትንሽ ነው። ይህ ማለት በሁለተኛው ሳምንት መድኃኒቱን ማቋረጥ ማለት አይደለም፤ ለሐኪሙ ደፍሮ መንገር፣ መጠኑንም መድኃኒቱንም አብሮ ማየት ማለት ነው። ሙሉ ውጤቱ ቀስ ብሎ ለወራት ይገነባል።

መድኃኒቱ ያመጣውን መቁነጥነጥ የሕመሙ ነው ብሎ መጠን መጨመር

ከሁሉም አብልጦ የሚያንገበግበኝ ስህተት ይህ ነው፤ የሚጎዳው ሰው ስለ ጉዳቱ ሲናገር እንኳ አይታመንምና።

አካቲዚያ ይባላል። ሃሎፔሪዶል፣ ፍሉፌናዚን፣ ሪስፔሪዶንና ሌሎችም ሊያመጡት ይችላሉ፤ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ በተጀመረ ወይም መጠኑ ባደገ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ። ሰውዬው መቀመጥ አይችልም። ይቀመጣል፣ ይነሣል። ቆሞ ሳለ አንዱን እግሩን ያነሣል፣ ያሳርፋል፣ ሌላውን ያነሣል፤ በአንድ ቦታ ላይ የሚራመድ ይመስላል። ሌሊት በግቢው ውስጥ ከበር እስከ ጓሮ ይመላለሳል። ሲጠየቅ የሚሰማውን ነገር ስም አያውቀውም፤ «ውስጤ ይበላኛል»፣ «እግሬ አላስቀምጥ አለኝ»፣ «ከቆዳዬ ልውጣ ነው» ይላል። ልቡ ይመታል፣ ያልበዋል፣ ይነጫነጫል። ከዚህ ጭንቀት የተነሣ ራሱን ለመጉዳት የሚነሣ ሰውም አለ።

አሁን ይህን ሰው ከሩቅ እዩት። ያው የታወከ ሕመምተኛ ነው። ቤተሰቡ «ተነሣበት» ብሎ ያመጣዋል፤ ተረኛው ሐኪም ወረፋው በዝቶበታል፤ የሃሎፔሪዶል መርፌ ይጨመራል። በማግስቱ ብሶበት ይመለሳል፤ እንደገና ይጨመራል። በሚያቃጥለው እሳት ላይ ቤንዚን ይደፉበታል።

መለያው ከባድ አይደለም። አንደኛ ቀኑን ቁጠሩ፦ መቁነጥነጡ የጀመረው መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሁለተኛ እግሩን እዩ፤ የሕመሙ መታወክ ከሐሳብ ተነሥቶ ወደ አንድ ነገር ያመራል፣ ሰው ይፈራል፣ በር ይዘጋል፤ አካቲዚያ ግን መድረሻ የለውም፣ እግር ውስጥ ነው የሚኖረው። ሦስተኛ ጠይቁት፦ «የሚያስነሣህ ሐሳብህ ነው ወይስ ሰውነትህ?» ብዙዎቹ ያለ ማመንታት ይመልሳሉ። መፍትሔው በሐኪም እጅ ነው፤ መጠን መቀነስ፣ መድኃኒት መለወጥ፣ ወይም አስም ለሌለበት ሰው ፕሮፕራኖሎል መጨመር። የአስታማሚው ድርሻ «መርፌው ከተጨመረ ወዲህ ነው የባሰበት» የሚለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያፍር መናገር ነው።

ከዚሁ ጋር ሁለት ነገሮች ይታወቁ። መድኃኒት በተጀመረ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ አንገት ወደ ጎን ተጠምዝዞ ሲቀር፣ ዓይን ወደ ላይ ሲገለበጥ፣ ምላስ ሲወጣ ብዙ ሰው ሰይጣን ተነሣበት ብሎ ወደ ሌላ ቦታ ይሮጣል። የጡንቻ መኮማተር ነው፤ ጤና ተቋም ውስጥ በአንድ መርፌ በደቂቃዎች ሊለቅ የሚችል። ሁለተኛው ገዳይ ነው፦ ከፍተኛ ትኩሳት፣ እንደ እንጨት የደረቀ ሰውነት፣ የሚፈስ ላብ፣ የሚዋዥቅ የደም ግፊት፣ የተምታታ አእምሮ። ይህ ሲታይ ቀጣዩን ክኒን ሳይሰጡ በፍጥነት ወደ ድንገተኛ ክፍል መውሰድ ያስፈልጋል። «አሁንም ታውኳል» ብሎ መርፌ መጨመር ሕይወት ያሳጣል።

የመሣሪያን ንባብ እንደ ፍርድ መውሰድ

በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ሰዓት የልብ ምት፣ እንቅልፍና ውጥረት ይለካል በሚባልበት ዘመን «በመሣሪያ አይተን መድኃኒቱ መያዙን ብናውቅስ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሐሳቡ ግን አዲስ አይደለም። መዳፍ በትንሹ ሲያልብ ቆዳ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ይጨምራል፤ ተመራማሪዎች ይህን እየለኩ ለታማሚው በጆሮው ተደጋጋሚ ድምፅ ያሰሙታል። ጤነኛ ሰው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ድምፆች ትንሽ ይነቃል፣ ከዚያ ይለምደዋል። ከስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን ወደ ግማሽ የሚጠጉት ከመጀመሪያውም ምላሽ አይሰጡም። ከቀሩት መካከል ደግሞ አንድ ዓይነት ድምፅ በተደጋገመ ቁጥር ሳይለምዱት እንደ አዲስ የሚነቁ አሉ።

ክሪስ ፍሪዝና ባልደረቦቹ በ1979 እንግሊዝ ውስጥ፣ ቴዎዶር ዛን፣ ዊልያም ካርፔንተርና ቶማስ ማክግላሻን በ1981 አሜሪካ ውስጥ አጣዳፊ ሕመም ላይ ያሉ ሰዎችን ተከታትለው ተቀራራቢ ነገር አገኙ። ድምፁን ሊለምዱ የቻሉት በቀጣዮቹ ሳምንታት የተሻለ መሻሻል አሳዩ፤ በዕረፍት ጊዜ እንኳ ሰውነታቸው ተወጥሮ የሚቆየው መሻሻላቸው ዘገየ። ይህ ስለ ሕመሙ ብዙ ይነግረናል፤ በር ላይ ያለ ዘበኛ እንቅልፍ ካጣ ቤቱ አያርፍም። ሆኖም የብዙ ሰዎች አማካይ ነው። አጠገባችሁ ላለው አንድ ሰው «ይህ መድኃኒት አይሠራለትም» የሚያሰኝ ፈተና አይደለም።

ንባቡን የሚያዛቡት ነገሮችም ብዙ ናቸው። የላብ ዕጢ የሚታዘዘው አሴቲልኮሊን በተባለ ኬሚካል ነው፤ ለመንቀጥቀጥ የሚታዘዘው ትራይሄክሲፈኒዲል ይህንኑ ኬሚካል ይዘጋል፣ ክሎርፕሮማዚንና ክሎዛፒን የተባለው ሌላ ጸረ ሳይኮሲስ መድኃኒትም እንዲሁ። የሚወስዳቸው ሰው መዳፍ ደረቅ ቢሆን ልቡ አርፏል ማለት አይደለም። ፕሮፕራኖሎል የልብ ምትን ያወርዳል፤ ክሎዛፒን ደግሞ ምንም ፍርሃት ሳይኖር ያስሮጠዋል። እኛን በቀጥታ የሚነካ ሌላ ጉዳይ አለ። ጆንሰንና ኮራ በ1963 አሜሪካ ውስጥ እንዳሳዩት የጥቁር ሰዎች ቆዳ በዕረፍት ጊዜ ለኤሌክትሪክ ያለው መከላከል ከነጮቹ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ በለንደን ወይም በካሊፎርኒያ ታማሚዎች ላይ የወጣን መለኪያ አምጥቶ አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ባለ ኢትዮጵያዊ ላይ «ምላሽ የለውም» ብሎ መፍረድ ትልቅ በደል ነው። ማነጻጸር ካስፈለገ ሰውን ከራሱ ጋር ነው፤ የዚህን ሳምንት እንቅልፉንና የልብ ምቱን ከደኅና ወሩ ጋር።

ቤት ውስጥ የሚባለውን ከሕክምናው ጋር አለመቁጠር

መድኃኒቱ በሰዓቱ ተሰጥቶ፣ መጠኑም ትክክል ሆኖ ሰውዬው የማይበርድበት ቤት አለ። ጆርጅ ብራውን፣ ጂም በርሊና ጆን ዊንግ በ1972 ለንደን ውስጥ ከሆስፒታል ወደ ቤታቸው የተመለሱ ሕሙማንን ዘጠኝ ወር ተከታተሉ። ነቀፋ፣ ጥላቻ ወይም ከልክ ያለፈ ጭንቀት ወደበዛበት ቤት ከተመለሱት 58 በመቶ አገረሸባቸው፤ ወደ ረጋ ቤት ከተመለሱት 16 በመቶ ብቻ። ከአራት ዓመት በኋላ ክሪስቲን ቮንና ጁሊያን ሌፍ ጥናቱን ደግመው ያንኑ አገኙ፤ በሳምንት ከ35 ሰዓት በላይ ከሚነቅፈው ዘመዱ ጋር ፊት ለፊት የሚውል፣ መድኃኒትም የማይወስድ ሰው አደጋው ከሁሉ የከፋ ነበር።

በ1979 ደግሞ ኒኮላስ ታሪየርና ባልደረቦቹ መሣሪያቸውን ይዘው ወደ ሕሙማኑ ቤት ሄዱ። መጀመሪያ ዘመድ በሌለበት ለኩ፤ ከዚያ ዘመድየው ገብቶ ተቀመጠ። ረጋ ያለው ዘመድ ሲገባ የታማሚው ሰውነት በረደ። ነቃፊው ሲገባ ግን ውጥረቱ እንዳለ ቀጠለ። አንዲት እናት ወይም አንድ ወንድም ክፍሉ ውስጥ በመቀመጡ ብቻ በቆዳ ላይ የሚለካ ዕረፍት መስጠት ይችላል። ይህን ውጤት ለአስታማሚዎች ስነግራቸው ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ከሆስፒታል ውጭ በእነሱ እጅ ያለ ኃይል መኖሩን ያሳያል።

ግልጽ ይሁን፤ ሕመሙን ቤተሰብ አያመጣውም። የሚነቅፈው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ደክሞት ነው፤ ገንዘቡ አልቆ፣ ጎረቤት አፍ ገብቶ፣ ሌሊቱን ሳይተኛ። በእኛ ቤት ደግሞ ነቀፋው የፍቅር ልብስ ይለብሳል፦ «አንተ እኮ ጎበዝ ተማሪ ነበርክ፤ ተነሥ እንጂ!» «የእገሌ ልጅ ተመርቋል፤ አንተ እስከ መቼ ትተኛለህ?» ተነሣሽነት ማጣት ራሱ የሕመሙ አካል መሆኑን ያልተነገረው አባት ስንፍና ቢመስለው አይፈረድበትም፤ ሊነገረው ይገባል። ጥየቃውም ሌላ ነው። ከሆስፒታል በወጣ ማግስት ሳሎኑ በሰው ይሞላል፣ ሁሉም «አወቅከኝ?» ይላል፣ ሁሉም ይመክራል። ጆሮው የሰማውን ሁሉ መልመድ ላቃተው ሰው ይህ ከባድ ነው። ጠያቂዎችን በሁለት በሁለት ከፋፍሉ፤ ሲደክመው ጓዳ ገብቶ የሚያርፍበትን መብት ስጡት፤ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አያናግረው። «ድምፅ የሚባል ነገር የለም» ብሎ መከራከርም ውጥረቱን ከመጨመር በቀር ፋይዳ የለውም፤ «እኔ አይሰማኝም፤ አንተን ግን እንዳስፈራህ አያለሁ» ማለት ይበቃል።

ጫቱን፣ ሲጋራውንና ቡናውን ከሐኪም መደበቅ

ካቲኖን የተባለው የጫት ንጥረ ነገር ከአምፌታሚን ጋር የተቀራረበ ነው፤ ዶፓሚን ያስለቅቃል፣ ልብን ያስሮጣል፣ እንቅልፍ ይነሣል። መድኃኒቱ በጠዋት የዘጋውን በር ምርቃናው ከሰዓት በኋላ ይገፋዋል። ብዙ ወጣት የሚቅመው መድኃኒቱ ያመጣበትን ድንዛዜ ለማባረር መሆኑን ሲናገር ይሰማል፤ ስለዚህ ስድብ ሳይሆን የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን መታየት ነው ያለበት።

ሲጋራ ደግሞ በሌላ መንገድ ይገባል። የትንባሆው ጭስ ክሎዛፒንና ኦላንዛፒንን የሚሰባብረውን የጉበት ኢንዛይም ያበረታል፤ አጫሹ ደም ውስጥ የሚቀረው መድኃኒት ያንሳል። ሆስፒታል ተኝቶ ሲጋራ ሲከለከል መጠኑ በደሙ ውስጥ በድንገት ያድጋል፤ ሲወጣና ሲያጨስ ይወርዳል። ቡና በተቃራኒው የክሎዛፒንን መጠን ከፍ ያደርጋል፣ የልብ ምቱንም ይጨምራል። ሦስት ጊዜ በሚፈላበት ቤት ይህን አለመናገር የሐኪሙን ስሌት ያፋልሳል።

ሰውነቱ ሲበርድ መድኃኒቱን ማቆም

«ተሽሎታል፤ ለምን ሰውነቱን በኬሚካል እናቃጥላለን?» የሚለው ጥያቄ ከደግ ልብ ይመጣል። ሽቴፋን ሎይክትና ባልደረቦቹ በ2012 የ65 ጥናቶችን ውጤት ሲያጠናቅሩ በአንድ ዓመት ውስጥ መድኃኒቱን ከቀጠሉት 27 በመቶ፣ ካቆሙት 64 በመቶ አገርሽቶባቸው አገኙ። አሳሳቹ ነገር ማገርሸቱ በማግስቱ አለመምጣቱ ነው። ክኒኑ የቆመ ሰሞን ሰውዬው ይነቃል፣ ይጫወታል፣ ምግብ ይጣፍጠዋል፤ ቤተሰቡም «መድኃኒቱ ነበር ያደነዘዘው» ብሎ ይደመድማል። ወር በወር ለሚሰጠው የፍሉፌናዚን መርፌ ደግሞ ይህ ማታለያ ይረዝማል፤ መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ ከቀረበት ቀን እስከ ማገርሸቱ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ።

የጤናማው መንገድ ከማገርሸቱ በፊት የሚመጣውን ምልክት ማወቅ ነው። ማይክል ዶውሰንና ኪት ኑክተርላይን ካሊፎርኒያ ውስጥ ያደረጓቸው ጥናቶች ሕመሙ ከመመለሱ በፊት በነበሩት ሳምንታት በቆዳ ላይ የሚለካው ውጥረት እንደሚጨምር የሚጠቁሙ ናቸው። ቤት ውስጥ ይህ በዓይን ይታያል፤ አንዱ እንቅልፉ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መሰበር ይጀምራል፣ አንዷ መጋረጃ መዝጋት ታበዛለች፣ ሌላው የሬዲዮ ድምፅ ያስቆጣዋል። የእያንዳንዱ ሰው ምልክት የራሱ ነው፤ ባለፈው ሲያገረሽበት ምን እንደቀደመ ደኅና በሆነበት ጊዜ ከራሱ ጋር ተቀምጣችሁ በደብተር ጻፉት።

ቡታጅራ ላይ ከ68 ሺሕ በላይ ሰው በተጠየቀበት ሰፊ ጥናት ስኪዞፍሬኒያ ከተገኘባቸው መካከል ጸረ ሳይኮሲስ መድኃኒት ወስደው የሚያውቁት ከ10 በመቶ በታች ነበሩ። መድኃኒት ቤቱ ሩቅ ነው፤ ጠበሉ ግን ቅርብ ነው። ጠበል መሄድን የሚከለክል ሐኪም ሕመምተኛውን ያጣዋል። በእንጦጦ ማርያም ካህናትና የሥነ አእምሮ ባለሙያዎች ተባብረው ጠበልና መድኃኒት ጎን ለጎን የሚሰጡበት አሠራር ታይቷል። ጉዳቱ ያለው ለጠበል ተብሎ መድኃኒቱ ሲቋረጥ፣ እንቅልፍና ምግብ ሲጓደል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰንሰለት ሲገባ ነው። የታሰረ ሰው ሰውነት ሊበርድ አይችልም።

«መድኃኒት አይሰማውም» ብሎ ቶሎ መደምደም

ይህን ቃል ከመናገር በፊት ክኒኑ በእርግጥ ተውጧል ወይ? ከምላስ ሥር ይያዝ ይሆን? መጠኑ በቂ ነው? ስንት ሳምንት ቆየ? ሐኪሞች በ2017 በተስማሙበት መመዘኛ መሠረት ሕመሙ መድኃኒት ተቋቋመ የሚባለው ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች እያንዳንዳቸው በበቂ መጠን ቢያንስ ስድስት ሳምንት፣ ከታዘዘውም ቢያንስ 80 በመቶው ተወስዶ ለውጥ ሲጠፋ ነው።

በዚህ ደረጃ ላይ ያለን ሰው አምስት ዓይነት መድኃኒት ላይ ማፈራረቅ ዕድሜውን ማባከን ነው። ጆን ኬን በ1988 ሌሎች መድኃኒቶች ያልሠሩላቸውን 268 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ ሲሞክር በክሎዛፒን 30 በመቶ፣ በክሎርፕሮማዚን 4 በመቶ ብቻ ተሻላቸው። ክሎዛፒን ጠንቃቃ ክትትል ይፈልጋል፤ ከመቶ አንድ ያህል ሰው ላይ ነጭ የደም ሴልን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርድ ስለሚችል በመጀመሪያዎቹ ወራት ደም በየሳምንቱ ይታያል። በዚህ መድኃኒት ላይ የልብ መሮጥ የተለመደ ነው፤ ብቻውን የሕመሙ መባስ ምልክት አይደለም። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የልብ መሮጥ ከደረት ሕመም፣ ከትንፋሽ ማጠር ወይም ከትኩሳት ጋር ከመጣ የልብ ጡንቻ ተቆጥቶ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ይመርመር። ትኩሳትና የጉሮሮ ቁስል ቢታይ ደም እንዲታይ ማድረግ፣ ለቀናት የቆየ የሆድ ድርቀትንም ሳይንቁ ለሐኪም መናገር ያስፈልጋል፤ ክሎዛፒን አንጀትን ሊያቆም ይችላል። እነዚህን የክሎዛፒን ምልክቶች በካርዱ ጀርባ ላይ ጽፋችሁ ያዙ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄዱም መጀመሪያ ለምታገኙት ባለሙያ አሳዩት።